በዕለት እንጀራ ላይ የተጣለ ግብር

በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የምትገኘው የአላባማ ግዛት በ1937 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአገረ ገዥው በቢብ ግሬቭስ ዘመን የሽያጭ ግብር ስትጀምር፣ ዱቄትና ወተቱን፣ እንቁላልና ሥጋውን ከሐርና ከሽቱ ሳትለይ በአንድ ተመን አስገባችው። ዘመኑ የጭንቅ ዘመን ነበረ፤ የጥጥ ዋጋ ወድቆ፣ ባንኮች ተዘግተው፣ መምህራን ደመወዛቸውን በገንዘብ ፈንታ ኋላ ይመነዘራል በተባለ ወረቀት ሲቀበሉ ቆይተው ስለ ነበረ፣ ጎረቤቲቱ ሚሲሲፒ በ1932 የደነገገችው የ2 በመቶ ግብር ለባዶው ግምጃ ቤት ሁነኛ ፈውስ መስሎ ታየ።

ጥቂት ነገር ለሚገዛ ድኻ የሚደርስበት ግብር አንድ ሳንቲም እንኳ ስለማይሞላ፣ መንግሥት ከአሉሚኒየምና ከነሐስ ትናንሽ የግብር ቶከኖች አሠርቶ በየሱቁ አሰራጨ፤ የአሉሚኒየሙ የሳንቲም አንድ ዐሥረኛ፣ የነሐሱ ደግሞ ግማሽ ሳንቲም ያወጣ ነበረ። በላያቸው የተቀረጸው ጽሕፈት «የቅንጦት ግብር» የሚል ነው። የጭሰኛ ሚስት ለልጆቿ ዱቄትና የአሳማ ስብ ስትገዛ የምትከፍለው በዚሁ ነበረ፤ እኔ ለግፉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ነገሩን ሥር እንዲሰድ ያደረገው ግን ቀድሞ የተጻፈው የ1901 ሕገ መንግሥት ነው። ጥቁሩንና ድኻውን ነጭ ከምርጫ ለማግለል የተሰበሰቡት ባለርስቶችና ባለፋብሪካዎች በርስት ላይ የሚጣለውን ግብር በአንቀጽ ወስነው ስላሰሩት፣ ከምድሪቱ ሁለት ሦስተኛ የሚያህለውን የሸፈነው ደን እጅግ ጥቂት እየገበረ ሲኖር የትምህርት ቤቱ ወጪ በሸማቹ ጫንቃ ላይ ወደቀ። በ1963 ግብሩ 4 በመቶ ደረሰ፤ ከተማውና አውራጃውም የየራሱን እየጨመረበት ሄዶ፣ በዋና ከተማይቱ በሞንትጎመሪ የ100 ዶላር አስቤዛ የገዛ ሰው 10 ዶላር እስከ መክፈል ደረሰ። ገቢው ለትምህርት የተመደበ ስለሆነ፣ ግብሩ ይነሣ ብሎ የተናገረ ሁሉ «መምህሩን ማን ይክፈለው?» የሚል መልስ ይጠብቀው ነበረ።

አብያተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ድርጅቶች የተባበሩበት፣ በ1988 የተመሠረተው «አላባማ አራይዝ» የምግቡ ግብር ይነሣ የሚለውን ጥያቄ ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ለዓመታት ተመላለሰ። የሞንትጎመሪው እንደራሴ ጆን ናይትም፣ ባለጸጎች ለፌዴራሉ መንግሥት የከፈሉትን ግብር ከገቢያቸው እየቀነሱ ለግዛቲቱ አሳንሰው የሚገብሩበት ፈቃድ ይገደብና በእርሱ ፈንታ የምግቡ ግብር ይነሣ የሚል ረቂቅ ደጋግመው አቀረቡ፤ ደጋግሞም ወደቀ።

በ2002 የሕግ መምህርቷ ሱዛን ፔስ ሃሚል፣ በበርሚንግሃም በሚገኘው በቢሶን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ባቀረቡት ድርሳን፣ ከነዳይ አብዝቶ ከባለጸጋ አሳንሶ የሚቀበል ሥርዐት ክርስቲያን ነኝ ለሚል ሕዝብ ኃጢአት መሆኑን ከመጻሕፍት እየጠቀሱ ተከራከሩ። በተከታዩ ዓመት አገረ ገዥው ቦብ ራይሊ፣ ሪፐብሊካንና ባፕቲስት ሳሉ፣ የግብሩን ሥርዐት በሰፊው የሚለውጥ ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ ቢያቀርቡ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛ የሚያህለው እምቢ አለ፤ ሸክሙ ሊቀልላቸው የነበሩ ብዙ ድኾችም ከእምቢተኞቹ ጋር ቆሙ፤ መንግሥት ቃሉን ይጠብቃል ብለው አላመኑምና።

የምግብ ዋጋ በናረበትና የግምጃ ቤቱ ገንዘብ በተረፈበት በ2023 ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች የምግቡ ግብር እንዲቀነስ ያለ አንድ የተቃውሞ ድምፅ ወሰኑ፤ አገረ ገዥዋ ኬይ አይቪም ፈረሙበት። ግብሩ በዚያው ዓመት በመስከረም ወደ 3፣ በ2025 መስከረም ደግሞ ወደ 2 በመቶ ወረደ፤ ከተሞችና አውራጃዎች የሚጥሉት ሳይቆጠር ማለት ነው። የቀረው 2 በመቶ ይነሣ ሲባል መምህሩን ማን ይክፈለው የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ መልሱም ከ1901 ጀምሮ ያልተነካው የደን ባለርስት ድርሻውን ይክፈል የሚል ሊሆን ይገባል።