ማን ነዳ? ማን ከፈለ?

የታላላቅ ሰዎችን ትንንሽ ወሬ የማይወድ ተማሪ የለም። ዳግማዊ ምኒልክ የሞት ፍርድ የሚፈጸምበትን የኤሌክትሪክ ወንበር ከአሜሪካ አስመጡ፤ አገሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ወንበሩን ዙፋን አደረጉት፤ ይህን ያልሰማ አለ? በፈረንጅ የአስደናቂ ነገሮች መጻሕፍት ውስጥ ሲገለባበጥ የኖረ ወሬ ነው። ማስረጃ ይዞ የቀረበ ግን የለም። መቼም ወሬ ቀረጥ አይከፈልበትም፤ ኬላውን ሁሉ በነጻ ያልፋል።

የሚገርመው፣ እውነተኞቹ ወሬዎች ከተረቱ የበለጠ የሚያስደንቁ መሆናቸው ነው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለው መንገድ ብቻ ስንት ጉድ ይዟል! እንግዲህ ጥቂቱን ላውጋችሁ። በእያንዳንዱ ወሬ መጨረሻ ግን አንድ ጥያቄ አለችኝ፤ ሒሳቡን ማን ከፈለ?

ከቅቤ እንጀምር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ሲያይ፣ ስለ ወንዙ ብቻ አልጻፈም፤ ስለ አገው ገበሬም ጽፏል። አገዎች በሺህ እየሆኑ ከብት፣ ማር፣ ሰም፣ ቅቤና ቆዳ ይዘው ጎንደር ይወርዱ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ቅቤ በቆላው ፀሐይ እንዴት አይቀልጥም? ብሩስ ሚስጥሩን አገኘው፤ ካሮት የሚመስል ቢጫ ሥር ወቅጠው ይቀላቅሉበታል። ስሟንም ጽፏታል፤ መቅመቆ! እናቶቻችን ዛሬም ቅቤ ሲያነጥሩ የሚጨምሯት ያችው መቅመቆ ናት። ማቀዝቀዣ መኪና ሳይፈጠር በፊት የጎንደርን ቤተ መንግሥት ትኩስ ቅቤ ያበላች የአገው ሴት እውቀት ናት ማለት ነው። የብሩስ ስም በመጽሐፍ ቀረ፤ የእርሷን ስም ግን የጻፈው የለም።

ግብሩንም ብሩስ ቆጥሮታል። አገው ምድር ለንጉሡ በዓመት ሺህ ትልልቅ የማር እንስራ፣ 1,500 በሬና ሺህ ወቄት ወርቅ ይገብር ነበር ይላል። ቀድሞ ማሩ አራት ሺህ እንስራ ነበር፤ የቀነሰው ንጉሡ መንደሮቹን ለየሰዉ እየቆረሰ በመስጠቱ ነው። ልብ በሉ፤ ለንጉሡ የሚገባው ቀነሰ እንጂ ገበሬው መገበሩን አላቆመም። የጌታው ስም ተለወጠ፤ የእንስራው ሸክም ያው ነው።

ሁለተኛዋ ባለታሪክ ሴት ናት፤ ኢትዮጵያን ረግጣ አታውቅም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሞተች። በስሟ የተቀረጸው ብር ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖረ። የኛ ገበሬ ማርትሬዛ ሲቀበል ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የዘውዷንና የትከሻዋን ፈርጥ አንድ በአንድ ይመረምራል። ፈርጡ ካልጠራ “ውሰደው!” ነው። የምኒልክን መልክ የያዘ ብር ወጥቶ እንኳ ሙቷ ንግሥት ከገበያ አልወረደችም። ሕጋዊ ገንዘብነቷ ያከተመው በ1937 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች አውቶሞቢል ከጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ አስገባ። ምኒልክም ወጥተው ተቀመጡባት፤ ወደዷት። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ “የሰርኪስ ባቡር” አላት። ሐዲድ የላትም፤ ግን ትጮኻለች፣ ትጨሳለች፤ ስለዚህ ባቡር ናት። ስም ማውጣት እንደ አዲስ አበባ ሰው!

መኪና አዲስ አበባ ገባ ማለት ግን ጎጃም ገባ ማለት አይደለም። ከ1918 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዳንግላ ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠ ቺዝማን የሚባል መኮንን ነበር። አዎን፣ የኛዋ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት! የእንግሊዝ ዓይን ጣና ላይ ነበር፤ ሐይቁን ገድቦ ውኃውን ለሱዳንና ለግብጽ እርሻ ማዋል ይፈልግ ነበር። ቺዝማን በበቅሎና በእግሩ እየዞረ ዓባይ በገደል ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በካርታ ላይ አሰፈረ። ሰውየው የአዕዋፍና የአራዊት አጥኚም ስለነበር፣ ዓረብ አገር የምትገኝ አንዲት የበረሃ አይጥ በስሙ ትጠራለች።

በዚያው ዘመን ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው ያዩ፣ ዘመናዊ ዕቃና ንግድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። የዘመናዊነቱ ወጪ ግን ከጎጃም ገበሬ ጎተራ ይወጣ ነበር። የራስ ኃይሉ የግብር ዓይነት ብዛት በጎጃም ሽማግሌ አፍ ዛሬም አላለቀም። በ1924 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ተይዘው ሲታሰሩ፣ የተተኩት ራስ እምሩ ግብሩን ቀለል ማድረግ ነበረባቸው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የ1933ቱ ነገር ነው። ጥር 12 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ሲሻገሩ መኪና ነበራቸው። ቆላው ግን ለመኪና የሚበገር አልሆነም፤ መኪናዎቹ በየመንገዱ ቀርተው ንጉሠ ነገሥቱ በእንስሳ ጀርባ በላያ ተራራ ደረሱ። ጓዙን የጫኑት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች አብዛኞቹ አለቁ፤ ከኋላ የመጣው ጦር መንገዱን በሞተ ግመል ሽታ ይለይ ነበር ተብሎ ተጽፏል። ጣልያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ሸሸ፤ አርበኛውም በኋላው ተከተለ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፦ ንጉሠ ነገሥቱ ከጣልያን በተማረከ አልፋ ሮሜዮ መኪና፣ እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት በነጭ ፈረስ! ፎቶግራፉ የሚያሳየን አልፋ ሮሜዮውን ነው። መንገዱን የመራውና ለጦሩ ስንቅ ያቀበለው የጎጃም ገበሬ ግን ፎቶግራፉ ውስጥ የለም።

ለዚህ ገበሬ ድሉ ምን አመጣለት? በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ወጣ፤ በሌላው አገር ለም፣ ለም-ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በጋሻ ሲከፈል፣ ለም ጋሻ ከነአሥራቱ 50 ብር ነበር። ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ ግን በ1927ቱ ልክ እንዲከፍሉ ተተዉ። ለምን? የጎጃም ገበሬ ቀላድ ከተጣለ ርስቴ ሄደ ባይ ስለሆነ ነው። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አውጥቶ ምርት ገማች ሲልክ፣ ጎጃም ሸፈተ። ጦር ተላከ፤ አልበረደም። በመጨረሻ ግብሩ ቆመ፣ የብዙ ዘመን ውዝፍ ተሰረዘ፣ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ተነሡ። ጉዳዩ የብር ብቻ አልነበረም። ገበሬው ዘወትር የከፈለ ነው፤ ያልፈቀደው ሳይጠየቅ መገመትን ነው።

ፈረሱስ የት ደረሰ? ፈረሱማ አለ! በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት በዓሉን ያከብራል። የዓድዋ ዘማቾች መታሰቢያ ነው። ሰባት ቤት አገው ፈረሱን ሸልሞ ሲወጣ እንጅባራ ላይ መኪና ዳር ይዞ ይቆማል። የሲድሊና የአልፋ ሮሜዮ ዘመን አለፈ፤ የዓድዋ ፈረስ የልጅ ልጅ ግን ይጋልባል።

የመኪናና የግብር ነገርም አላበቃም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። አንድ መኪና ገዝቶ ለአምስት ግብር መክፈል ማለት ነው! በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሏን ስታስታውቅ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ምኒልክ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? የፋግታ ለኮማ ገበሬ የዲከረንስ ከሰሉን በመኪና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲልክ፣ ከቅድመ አያቱ የማር እንስራ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለ። ያኔም አሁንም፣ የላቡን ፍሬ አስጭኖ በየኬላው ይጠየቃል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እንግዲህ ወሬ ስንለዋወጥ ይህን አንርሳ። ማን ምን መኪና ነዳ፣ ማን በምን ተቀመጠ የሚለው ተጽፎ አልቋል፤ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ማውጣት ነው። ማን ከፈለ የሚለው ግን ገና በሽማግሌዎች አፍ፣ በአውኚና በአማርኛ ነው ያለው። ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ አያቶቻችንን አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ “እርስዎ የከፈሉት የመጀመሪያው ግብር ምን ነበር? ለማንስ ከፈሉ?” ደብተርና እርሳስ ይዘን እንቀመጥ። የአገው ሴት የመቅመቆን ሚስጥር ነግራን ስሟ ጠፋ፤ የቀሩትን ስሞች እንኳ እናትርፍ።