የዓባይ ምንጭ ጠባቂ ስለ ነበረው ስለ ክፍለ ዓባይ

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ወደ ሰሜን፥ በሰከላ ምድር፥ በግሽ ተራራ ሥር የሚፈልቀውን የዓባይን ምንጭ ለማየት ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ስማቸው በየታሪኩ መጽሐፍ ይነበባል። መንገዱን ያሳዩአቸው፥ ቀለብ የሰፈሩላቸው፥ በቤታቸው ያሳደሩአቸው የአገሩ ተወላጆች ግን ብዙዎቹ ሳይታወሱ ቀርተዋል። ከእነዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ስሙም መልኩም ቤተ ሰቡም ተጽፎለታልና፥ የጎጃም ሰው ሊያውቀው ይገባል። እርሱም የግሽ ሹምና የምንጩ ጠባቂ የነበረው ክፍለ ዓባይ ነው።

ታሪኩን የጻፈው የእስኮትላንዱ ሰው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ዘመን ወደ ጎንደር መጥቶ፥ ግሽን ከነምንጩ እንደ ጉልት አድርገው እንዲሰጡት ንጉሡን ለመነ፤ ተሰጠውም። የዳሞቱ ገዥ ፋሲልም ወልዶ የሚባለውን ሰው መሪ አድርጎ አዘዘለት። ይህ ወልዶ ከምንጩ አጠገብ ሲደርሱ ታመምሁ ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ብሩስ የሕክምና ዕውቀት ነበረውና ሕመሙ የውሸት መሆኑን ዐወቀ፤ ወልዶ የተመኘው ብሩስ የታጠቀውን ቀይ የሐር መቀነት ነበር። እርሱን ሲቀበል ወዲያው ዳነና ረግረጉን በጣቱ አመለከተ። ብሩስም ጫማውን አውልቆ ቁልቁል ሮጠ፤ ሁለት ጊዜም ወደቀ። ቀኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ኅዳር 4 ቀን 1770 ነበር፤ በእኛ ሲመለስ ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም.፥ የመድኃኔ ዓለም በዓል ይሆናል።

ብሩስ ከእርሱ በፊት የደረሰ የውጭ ሰው የለም ብሎ ተከራከረ። ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ሚያዝያ 16 ቀን 1610 ዓ.ም. ምንጩን አይቶ ነበርና ክርክሩ ከንቱ ነው። ይልቁንም ሰውየው የሚመሰገነው የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ወደ አገሩ ስለ ወሰደና፥ ያስተናገደውን ሽማግሌ ሳይረሳ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጻፈለት ነው።

ክፍለ ዓባይ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 70 ያህል ነበር፤ ሰውነቱም ደክሞአል። ረዥም ነጭ ጢም ነበረው። ለስልሶ የተፋቀ የበሬ ቆዳ ለብሶ፥ በሰፊ መታጠቂያ ታጥቆ፥ በላዩ ቆብ ያለው ካባ ይደርብ ነበር። እግሩ በነጠላ ጫማ ይሄዳል፤ ወደ ምንጩ ሲቀርብ ግን ያወልቃል፥ እንግዶቹንም ያስወልቃል። ውኃውን መጠጣት ተፈቅዶ ነበር፤ ሰውነት መታጠብና ልብስ ማጠብ ግን ክልክል ነበር፤ ለዚያ ከተራራው የሚወርድ ሌላ ጅረት ነበር። ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። የልጆቹን ብዛት ሲጠየቅ 84 ወይም 85 ይሆናሉ ብሎ መለሰ።

ብሩስ ስሙን «የወንዙ አገልጋይ» ብሎ ተረጐመው። ቅኔ የተማረ ግን በዚህ አይረካም። ክፍል ዕጣ፥ ድርሻ ማለት ነውና ክፍለ ዓባይ የዓባይ ድርሻ ነው፤ ሰውየው ለወንዙ የተሰጠ ዕጣ ይሆናል። ገልብጦ ለሚያየውም ወንዙ ለሰውየው የደረሰው ርስት ይሆናል። (ዓባይንም በዐይኑ «ዐ» መጻፍ ይገባል፤ በአልፋው «አ» ሲጻፍ ሐሰተኛ ማለት ይሆናልና።)

የግሽ አገዎች በዚያን ዘመን ለወንዙ መንፈስ ጥቁር ጊደር ያርዱ ነበር። ይህ ከወንጌል ውጭ የሆነ ልማድ ነው። ሆኖም ሽማግሌው በጸሎቱ የሚጠራቸው ስሞች የዘላለም አምላክ፥ የዓለም ብርሃን፥ መድኃኒት የሚሉ ነበሩና ነገሩን ለሚመረምር ያስደንቃል። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው ሳይርሱ መልሰው ተቀበሉ ተብሎ በሚነገርበት በዚያው ስፍራ፥ የአሮጌው ሥርዓትና የአዲሱ ሥርዓት ሰዎች ጐን ለጐን ይኖሩ ነበር።

መንፈሱን አይተኸው ታውቃለህን ብሎ ብሩስ ቢጠይቀው፥ ሽማግሌው ሳይጠራጠር አዎን አለ። እንግዶቹ ሊደርሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፥ ፀሐይ ስትጠልቅ፥ ከዛፍ ሥር ታይቶት የአንድ ልጁን ሞት እንደ ነገረውና የፋሲል ሰዎች እንደሚመጡም እንዳስታወቀው ተናገረ፤ ዛፉንም ከሩቅ አሳየው። እንግዲህ ይህ አባት እንግዶቹን የተቀበለው የልጁን ሞት በሰማ በማግሥቱ ነው። ብሩስ በመጽሐፉ በዚህ ነገር ላይ አልቆመም፤ ስለ ሰው ልብ ለሚያስብ ግን ከምንጩ ልክ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

የቤቱን አስተዳደር የያዘችው 16 ዓመት ገደማ የሆናት ልጁ ነበረች፤ ብሩስ ኢሬፖኒ ይላታል። ብሩስም በሽተኞችን ያለ ዋጋ አከመ፤ ሦስት ቀን በየቀኑ አንድ ላም እያረደ ለድኾችና ለጎረቤት አበላ፤ ሽማግሌውንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን አለበሰ። ኅዳር 3 ቀን ሊሄድ ሲነሣ ልጅቱ ስጦታውን ችላ ብላ፥ በየቀኑ አሳምራ የምትሠራውን ጠጕርዋን ነጨች፤ መሬትም ላይ ወደቀች። ወደ ደጅ የወጣችው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ከዚያም ዓይንዋ እስከሚደርስ ድረስ እየመረቀች ተመለከተች። ክፍለ ዓባይም እንግዳውን ለአምላኩ አደራ ሰጠ። የመንደሩም ጐልማሶች ጦርና ጋሻ ይዘው እስከ ግዛታቸው ወሰን፥ እስከ ሰከላ ድረስ ሸኙት።