ስምና መዋቅር ሲለያዩ፦ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኙ የፔፕታይድ መድኃኒቶች ስያሜ ታሪክ

በድጓ ማስመስከሪያነቷ በታወቀችው በጋይንቷ ቤተ ልሔም የሚጠኑት የዜማ ምልክቶች አብዛኞቹ ስማቸውን ያገኙት ከሥራቸው ነው። ይዘት ድምፁን ይይዛል፤ ሒደት ያስኬደዋል፤ ቁርጥ ይቆርጠዋል። ተማሪው ስሙን ሲሰማ ዜማው ምን እንደሚሆን ግማሹን ያውቃል። ከአፈር ባክቴሪያ በተገኙት የፔፕታይድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ስም ላይ ግን የምናየው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ተርጓሚውንም የሚያስተው ይኸው ነው።

ነገሩ ከእኛ አፈር የራቀ አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ የመጀመሪያው ዝናብ ደረቁን መሬት ሲመታ ለሚነሣው ሽታ ዋናው ምክንያት ጂኦስሚን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። እርሱንም የሚሠሩት በተለይ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው። ዳፕቶማይሲን የተባለው የፔፕታይድ መድኃኒት የተገኘውም ከእነዚሁ ወገን ነው።

ፔፕታይድ አሚኖ አሲዶች እርስ በርስ ተያይዘው የሚያስገኙት ሰንሰለት መሆኑ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1939 ረኔ ዱቦ በኒውዮርክ ግራሚሲዲንን ከአፈር ባክቴሪያ አወጣ። ስሙ ባክቴሪያን በቀለም የመለየት ዘዴ ካስገኘው ከዴንማርኩ ሐኪም ከግራም ስም የመጣ እንጂ ስለ መድኃኒቱ ቅርጽ የሚናገረው የለም። በ1942 ጋውዜና ብራዥኒኮቫ በሶቪየት ኅብረት ሌላ አገኙና ግራሚሲዲን ኤስ አሉት፤ «ኤስ» ሶቪየት ለማለት ነው። የፊተኛው 15 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ጫፍና ጫፉ ያልተገናኘ ሰንሰለት ነው፤ የኋለኛው 10 አሚኖ አሲዶች ያሉት የገጠመ ቀለበት ነው። እንግዲህ ሁለቱን «የግራሚሲዲን ዓይነቶች» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሁለት ባዕዳንን ወንድማማች ያደርጋል።

የተገላቢጦሹ ስሕተት ይብሳል። ኮሊስቲንና ፖሊሚክሲን ኢ አንድ መድኃኒት ናቸው። ይህ መድኃኒት ሌሎች መድኃኒቶች እንቢ ሲሉ የሚሰጥ፣ ኩላሊትንም የሚጎዳ ነው። መመሪያ ተርጓሚው ሁለት አድርጎ ከጻፋቸው ጤና ባለሙያው አንደኛው ሳይሠራ ቢቀር ሌላ የቀረለት ሊመስለው ይችላል። የቀሩትን ባጭሩ ለማንሣት፣ ባሲትራሲን ባክቴሪያው ከቁስሏ የተገኘባትን የትሬሲን ስም ከባሲለስ ጋር ያዳቀለ ነው፤ መነሻው የቦርንዮ አፈር የሆነው ቫንኮማይሲንም «ድል መንሣት» ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል ወጥቷል።

በእኛ አስተያየት ዓለም የለመደውን ስም መለወጥ አያስፈልግም፤ የመዋቅሩን ቃል ከፊቱ ማስቀደም ይበቃል። ለዱቦ ግራሚሲዲን «ክፍት ሰንሰለት»፣ ለሶቪየቱ «ቀለበት»፣ ለፖሊሚክሲን «ባለጅራት ቀለበት» ቢባል ይስማማል። ሰባት አሚኖ አሲዶቹ በጎን ለተያያዙት ለቫንኮማይሲን «ቁልፍልፍ ሰንሰለት» ብለናል፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ።

ከቅርጹ የተወሰደ የወል ስም ያለው ወገንም አለ፤ ይኸውም ላሶ ፔፕታይድ የሚባለው ነው። ላሶ ከብት የሚያዝበት፣ ቀለበት ያለው ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆነው፣ በካናዳ ሐሚልተን ከተማ አፈር ውስጥ የተገኘው ላሪዮሲዲን የዚህ ወገን ነው። ለዚህ ገበሬው ቃሉን አስቀድሞ ይዞልናል፦ ሸምቀቆ። ፖሊሚክሲንን ግን ሸምቀቆ ማለት አይገባም፤ የሸምቀቆ ጫፍ በራሱ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፣ የፖሊሚክሲን ጅራት ግን ከቀለበቱ ውጭ ነውና።