የንግድ ቤት ቆሻሻ የት ይደር? ከኒው ዮርክ ከተማ ታሪክ

የከተማ ጽዳት ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታሰበው ቆሻሻውን የሚጭነው መኪናና የሚደፋበት ሥፍራ ነው። ይሁን እንጂ ቆሻሻው ከሱቅ ወጥቶ እስኪጫን ድረስ ባሉት ሰዓቶች የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ የማያንስ ክብደት አለው። ለዚህም የኒው ዮርክ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ከተማይቱ ቆሻሻውን ማን ያንሣ በሚለው ላይ ደጋግማ ስትወስን፣ የት ይደር የሚለውን ሳትወስን በመቆየቷ፣ የእግረኛው መንገድ ለረዥም ዘመን የነጋዴው ጓዳ ሆኖ ኖሯል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የችግሩ ሥር የሚገኘው በከተማይቱ ፕላን ላይ ነው። በ1811 የወጣው ፕላን የማንሃታንን ደሴት በ12 ሰፋፊ ጎዳናዎችና በ155 አግዳሚ መንገዶች ሲሸነሽን፣ ከሕንጻዎቹ ጀርባ የሚያልፍ የጓሮ መንገድ አልተወም። ሺካጎን በመሰለ ከተማ ቆሻሻ በጓሮ በኩል ሲወጣ፣ በማንሃታን ግን በአመዛኙ የሚወጣው ደንበኛ በሚገባበት በፊት ለፊት በኩል ነው።

ለጽዳቱ ሥራ በመጀመሪያ ጥብቅ ሥርዓት ያበጀለት በ1895 የመንገድ ጽዳት ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ኮሎኔል ጆርጅ ዋሪንግ ነበር። ዋሪንግ ጠራጊዎቹን ነጭ ልብስ አልብሶ በወታደራዊ ደንብ አሰማራ። ከዚህም በላይ አመድ፣ የምግብ ትራፊና ደረቅ ውዳቂ ለየብቻ እንዲቀመጡ አዘዘ። የጽዳት ሥራ የሚጀምረው በጠራጊው መጥረጊያ ሳይሆን በቆሻሻው ባለቤት ደጃፍ መሆኑን የተረዳ ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ማዘጋጃ ቤቱ የንግድ ቤቶችን ቆሻሻ ማንሣት ሲያቆም፣ ነጋዴው ለግል አንሺ ድርጅት እየከፈለ እንዲያስነሣ ሆነ። በዚህ ጊዜ ማፍያ በመባል የሚታወቀው የወንበዴዎች ማኅበር ሥራውን በቁጥጥሩ ሥር አዋለው። እያንዳንዱ ሱቅ የአንድ አንሺ ርስት ሆኖ ተቆጠረ፤ ነጋዴው ሌላ አንሺ ቢፈልግ ዋጋ የሚሰጠው አያገኝም ነበር። ጉዳዩ በ1957 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቢጋለጥም፣ ቀንበሩ ሳይሰበር ወደ 40 ዓመት ቆየ። ሂሳቡ የሚሠራው በመጠን፣ መጠኑም ብዙውን ጊዜ በግምት በመሆኑ፣ ትክክለኛ መስፈሪያ የሌለው ነጋዴ አንሺው የጠየቀውን ከመክፈል ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

በዚህ መካከል የማስቀመጫው ዓይነት ተለወጠ። በየካቲት 1968 የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ሠራተኞች ለዘጠኝ ቀን ሥራ ባቆሙ ጊዜ ወደ 100,000 ቶን የሚጠጋ ቆሻሻ በየመንገዱ ተከመረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የፕላስቲክ ከረጢት የብረቱን በርሜል እየተካ ሄደ። ከረጢቱ ቀላል ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ሠራተኛውም ባዶ በርሜል መልሶ ከማስቀመጥ ይድናል። ስለዚህ አዲሱ ዘዴ እንደ መሻሻል መቆጠሩ አያስገርምም። ነገር ግን በርሜል ክዳን ነበረው፤ ከረጢት ግን አይጥ በጥርሱ የሚከፍተው ዕቃ ነው። ምሽት በደረሰ ቁጥር በየምግብ ቤቱ ደጃፍ የጥቁር ከረጢት ክምር መታየቱ የከተማይቱ መለያ ሆነ።

በ1995 በዋና ዋናዎቹ አንሺዎችና ማኅበሮቻቸው ላይ ክስ ተመሠረተ። በ1996 የወጣው ደንብ ደግሞ አንሺዎች ሁሉ ተጣርተው ፈቃድ እንዲያወጡ አደረገ። ነጋዴው ውሉን የማፍረስ መብት አገኘ፤ ዋጋውም በእጅጉ ወረደ። ይህ ታላቅ ድል ነበር። ሆኖም ከረጢቱ ከእግረኛው መንገድ ላይ አልተነሣም። ማን ያንሣ የሚለው ጥያቄ ተመለሰ እንጂ፣ የት ይደር የሚለው ገና መልስ አላገኘም ነበር።

መልሱ የመጣው በ2023 ነው። ከሐምሌ 2023 መጨረሻ ጀምሮ ምግብ ቤቶችና የምግብ መደብሮች ቆሻሻቸውን ጥብቅ ክዳን ባለው ማጠራቀሚያ እንዲያወጡ ታዘዙ። በመስከረም ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ድርጅቶች ተጨመሩ፤ ከመጋቢት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግዴታው የንግድ ቤቶችን ሁሉ አጠቃለለ። በሌላ በኩል በ2019 የወጣው ሕግ ከተማይቱን በ20 ቀጠና ከፍሎ በእያንዳንዱ ቀጠና የሚሠሩት አንሺዎች ከሦስት እንዳይበልጡ ወሰነ። ከዚያ በፊት በአንድ ሌሊት ብዙ መኪናዎች አንዱን መንገድ ደጋግመው ይመላለሱበት ነበር። የመጀመሪያው ቀጠና ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው በ2025 መጀመሪያ ነው።

ደንቡ ያለ ዋጋ አልመጣም። ሰፊ ምድር ቤት ያለው ትልቅ መደብር ማጠራቀሚያውን በቀላሉ ያስቀምጣል። ጠባብ ሱቅ ያለው ነጋዴ ግን ዕቃ የሚደረድርበትን ቦታ ለባዶ በርሜል መስጠት ይኖርበታል። ቀድሞ ሸክሙን ይሸከም የነበረው መንገደኛው ነበር፤ አሁን ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። በመርሕ ደረጃ ፍርዱ ትክክል ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ትንሹን ከትልቁ ካላስተያየ ፍትሕ ይጎድለዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የንግድ ቤት ሲታነጽ የቆሻሻው ማደሪያ እንደ በርና እንደ መስኮት ሁሉ በፕላኑ ላይ ሊሠፍር ይገባል። በ1811 በካርታ ላይ ያልተተወ ቦታ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በደንብና በቅጣት ሲፈለግ ታይቷል። ቆሻሻ ማደሪያ ካልተሰጠው፣ ማደሪያውን የሚያገኘው በሕዝብ መንገድ ላይ ነው።