የጌሊክ ብራናዎችና የስኮትላንድ ትምህርት ቤት

በስኮትላንድ ተራራማ አገርና በምዕራብ ደሴቶቹ የሚነገረው የጌሊክ ቋንቋ የቆየ የጽሕፈት ቅርስ አለው። ከቀደምት ምስክሮቹ አንዱ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በላቲን የተጻፈው የዲር ወንጌል ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚሁ ብራና ባዶ ስፍራዎች ላይ ለገዳሙ ስለ ተሰጠው መሬት በጌሊክ ማስታወሻ ተጽፎበታል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የሊስሞር ዲን የነበረው ጄምስ ማክግሬጎርና ረዳቶቹ የስኮትላንድንና የአየርላንድን ባለቅኔዎች ግጥሞች ሰብስበው ጽፈዋል። በ1567 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የጌሊክ መጽሐፍ በኤዲንብራ ታተመ።

የትምህርት ፖሊሲው ግን በሌላ አቅጣጫ ተጓዘ። የ1609ኙ የአዮና ድንጋጌ ስልሳ ከብት ያለው ሁሉ የበኩር ልጁን ወደ ቆላው አገር ልኮ እንግሊዝኛ እንዲያስተምር አስገደደ። በ1616 የወጣው ሕግም በየአጥቢያው ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ሲያዝ፣ ዓላማው እንግሊዝኛን ማስፋፋትና ጌሊክን ማጥፋት መሆኑን በግልጽ አስፍሯል። በ1709 የተመሠረተው የክርስቲያናዊ ዕውቀት ማስፋፊያ ማኅበርም በመጀመሪያ ያስተማረው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ ሕፃናቱ ፊደሉን ቢያነቡም ትርጉሙ አይገባቸውም ነበር። ከዚህ ችግር የተነሣ ማኅበሩ አሠራሩን አሻሽሎ በ1767 አዲስ ኪዳንን በጌሊክ አሳተመ።

ይህ መሻሻል በመንግሥት ሕግ ዘንድ ቦታ አላገኘም። ትምህርትን ግዴታ ያደረገው የ1872ቱ አዋጅ ስለ ጌሊክ አንዳች አላነሣም። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1882፣ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የኬልቲክ ጥናት መንበር አቋቁሞ ዶናልድ ማክኪኖንን ሾመ፤ እርሱም በ1912 የብራናዎቹን ዝርዝር አሳተመ። ተተኪው ዊልያም ዋትሰን በ1916 ስለ ቦታ ስሞች የሰጣቸው ትምህርታዊ ንግግሮች በ1926 ተስፋፍተው በመጽሐፍ ወጡ። የወንዞችና የተራሮች ስሞች ቋንቋው ቀድሞ ምን ያህል ሰፊ አገር ይዞ እንደ ነበር መስክረዋል። በ1951 የተቋቋመው የስኮትላንድ ጥናት ተቋምም የአረጋውያንን ዜማና ትረካ በድምፅ መቅረጫ አኖረ።

እንግዲህ አገሪቱ በዩኒቨርሲቲ ያከበረችውን ቋንቋ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቸል ብላዋለች። በ1891 ቈጠራ ከ250,000 በላይ የነበሩት ተናጋሪዎች በ2011 ወደ 57,000 ዝቅ አሉ። ለዚህ ከትምህርቱ ሌላ ከመሬት መፈናቀልና ስደት ድርሻ አላቸው። በጌሊክ የሚያስተምሩ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች በግላስጎና በኢንቨርነስ የተከፈቱት በ1985 ሲሆን፣ ቋንቋውን የሚደግፍ ሕግ የወጣው በ2005 ነው።

ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቤተ መዛግብት ቃሉን ያቈያል፤ ተናጋሪን የሚያፈራው ግን ቤትና ክፍል ነው። ስለዚህ የመሬት ማስታወሻ፣ የቦታ ስምና የአረጋውያን ትረካ በምሁራን እጅ ብቻ ሳይቀሩ፣ ተናጋሪው ገና ብዙ ሳለ፣ ለመምህሩ መማሪያ ሆነው ሊቀርቡ ይገባል።