ላምባ፣ ሲሊንደርና የጊች ብርድ

ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ምግብ አብሳይ ሽሮና በርበሬውን ከመቋጠሩ በፊት ስለ እሳቱ ያስባል። ዛሬ ምድጃው በበቅሎ ይጫናል፤ ላምባው በጀሪካን ይከተላል። ወጣቶቹ አብሳዮች ከጥንት እንዲህ የነበረ ይመስላቸዋል።

የጥንቱ መንገደኛ ግን ደጋ ላይ እሳት ባያገኝም ጦሙን አያድርም። በሶውን በጥብጦ፣ ድርቆሹን አርሶ፣ ቆሎውን ቆርጥሞ ይተኛል። የአባቶቻችን ስንቅ ምድጃ እንዳይጠይቅ ታስቦ የተሰናዳ ነው፤ እኔ ይህን ከማንኛውም የፈረንጅ ዕቃ በላይ አደንቃለሁ።

ትኩስ ሾርባ በተራራው ላይ ወዳለው የጊች ሰፈር የወጣው ከጎብኚው ጋር ነው። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ጸና፤ በ1970 የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ሦስት ጉልቻ ጎልቶ የአስታ እንጨት ማንደድ ቀላል ነበር፤ ግን አስታው እየተቆረጠ ፓርክ የለም። በ2011 ዓ.ም. ጊች አካባቢ ቃጠሎ ከተነሳ ወዲህማ እሳት ሜዳ ላይ ይንደድ ብሎ የሚሟገተኝ አላገኘሁም።

ታዲያ በላምባ ፈንታ ለምን ጋዝ አልሆነም? ትንሿን የጋዝ ቆርቆሮ አውሮፕላን አይጭናትም። ብትገኝም ውስጧ ቡቴን ብቻ ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነኑን ያቆማል፤ የስሜን ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል፤ ነገር ግን ወፍራም ብረት ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ያንን የሚሸከመው መኪና ነው።

አልጋና ወጥ ቤት ባለው መኪና የሚጓዙ ፈረንጆች አሉ። መንገዱ እስከ ጨነቅ ሰፈር ስለሚያደርስ እዚያ ያቆማሉ። ከእነሱ አንዱ የድንኳን ምድጃውን ከመኪናው የፕሮፔን መስመር ጋር በጎማ ሲያገናኝ አይቻለሁ። እሳቱ የሻማ ያህል ሆነ! ነገሩ ግልጽ ነው፦ የመኪናው ሬጉሌተር ግፊቱን ወደ 30 ሚሊባር ገደማ ያወርደዋል፤ የምድጃዋ ቀዳዳ ግን ለቆርቆሮው ብርቱ ግፊት የተበሳች ጠባብ ናት። ሬጉሌተሩን ነቅሎ በቀጥታ ማገናኘት ደግሞ ሞት መጥራት ነው፤ ጎማው ካፈሰሰ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ከድንኳኑ ወለል ተኝቶ ክብሪት ይጠብቃል።

በፈረንጆቹ 1892 ስዊድናዊው ሊንድክቪስት የሠራው የላምባ ምድጃ፣ ፕሪመስ፣ ይህ ጣጣ የለበትም። ግፊቱን በእጅ ፓምፕ ትሰጠዋለህ፤ ላምባውን የሚያተነው በገዛ ሙቀቱ ነው። ብርዱ አያስቆመውም፤ ጀሪካኑንም በቅሎ አይጠላውም።

ከፍታውን ግን ፕሪመስም አይረታውም። ጊች 3,600 ሜትር ላይ ስለሆነ ውኃ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ምስር በዚያ ሙቀት ለመብሰል ይለግማል። ክዳኑ ላይ ድንጋይ እጭንበታለሁ፤ ላምባው እያለቀ እሱ ገና ጥሬ ነው። ስለዚህ ጾመኛ ጎብኚ ምስር ካዘዘኝ ከደባርቅ ሳልነሳ ተጨማሪ ላምባ አስጭናለሁ፤ ምርጫውን ለእኔ ከተወው ሽሮ ነው የሚበላው።