«ነፃ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ከፕላዝማ እስከ አረንጓዴዋ ላፕቶፕ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፣ ታገሱኝ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። «ልጆች በነፃ ሶፍትዌር ይማሩ» የሚለው ሐሳብ እኛ አገር ለምን ጆሮ አላገኘም? እኔ የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ መልሱን የፈለግኩት በታሪካችን ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ሐሳቡን ያነሳው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የጂኤንዩን ፕሮጀክት ሲያስተዋውቅ። «ነፃ» ያለው ዋጋውን ሳይሆን የተጠቃሚውን መብት ነው። ፕሮግራሙን ለፈለጉት ጉዳይ መጠቀም፣ ውስጡን ከፍቶ አይቶ መቀየር፣ ለሌላ ሰው ማካፈል፣ አሻሽሎም ማካፈል።

በአማርኛ ግን «ነፃ» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን «ያለ ክፍያ» ነው። ቅስቀሳው የሚከሽፈውም እዚህ ጋ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ መርካቶ ላይ ግን ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ዛሬም በትንሽ ብር ይጫናል። «ሊኑክስ አይከፈልበትም» ብትሉት ሰፈሬ ሸማ ተራ ያለ ሰው «ይሄስ መቼ ተከፈለበት?» ብሎ ይስቅባችኋል። እውነቱን ነው!

ስለዚህ ክርክሩ ከዋጋ መውጣት አለበት። ወዴት? ወደ ፕላዝማ እንመለስ።

የኔ ዕድሜ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፣ ፕላዝማ ሁለተኛ ደረጃ የገባው በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። አስተማሪው ማቆም አይችልም፣ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፣ ምሳሌውን በአገር ቤት ምሳሌ መቀየር አይችልም። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ሄደ። አስተማሪ በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆነ። የተቆለፈ ትምህርት ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ተቃራኒው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮጀክት 5,000 የሚጠጉ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በአዲስ አበባና በገጠር ለሚገኙ ጥቂት ትምህርት ቤቶች አዳረሰ። የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ የኛው ፊደል አለ። ልጁ የሚጠቀምበት ፕሮግራም እንዴት እንደተጻፈ እንዲያይ የታሰበ ቁልፍ ሳይቀር ነበረው! ግን መምህራኑ በቂ ሥልጠና አላገኙም። ብዙዎቹ እንደ መጫወቻ ስላዩት ክፍል ውስጥ እንዳይከፈት ከለከሉ። ልጁ ነፃ ሶፍትዌር ይዞ፣ አስተማሪው ግን ውጭ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ይኸው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ፣ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌት ሰጠ፤ ያለ አስተማሪ። የድርጅቱ ሰዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት። ልጅ የተዘጋ ነገር መክፈቱ አይቀርም። ቁም ነገሩ ትምህርት ቤት ያንን እንደ ጥፋት ነው ወይስ እንደ ትምህርት የሚያየው የሚለው ነው።

የተሳካለትስ ማን ነው? የህንዷ ኬራላ ግዛት። እነሱ በማሽን አልጀመሩም፤ በአስተማሪ ጀመሩ። ከመምህራኑ መካከል አሠልጣኞች አወጡ፣ ሶፍትዌሩን በራሳቸው ቋንቋ በማላያላም አዘጋጁ፣ መጽሐፉንና ፈተናውን ሳይቀር በነፃ ሶፍትዌር ላይ አደረጉ። ፈተና ላይ የገባ ነገር ደግሞ ማንም አይረሳውም፤ ይሄን እናንተም ታውቁታላችሁ 😄

ይህን ሐሳብ ለወላጅ ለማስረዳት ስቶልማንን መጥቀስ አያስፈልግም። ሸማ ተራ ይምጡ። አንድ ያማረ ጥለት ሲወጣ ሸማኔው ነጠላውን ዘርግቶ ክሩን ይቆጥራል፣ አሠራሩን ያውቃል፣ ቀለም ይቀይርበታል፣ የራሱን ያወጣል። ልጁም አጠገቡ ቁጭ ብሎ እያየ ይማራል። ጥለቱ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ሽሮ ሜዳ ያን ሁሉ ሸማኔ ከየት ታመጣ ነበር? ልጆቻችን ኮምፒውተር ላይ ገዢ ብቻ ሆነው እንዲቀሩ ነው ወይስ ሸማኔ እንዲሆኑ የምንፈልገው?

ለማስተዋወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ምክሬ ይሄ ነው። «ዊንዶውስን አጥፉ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰው ይሸሻል። ያለው ኮምፒውተር ላይ ሊብሬ ኦፊስ ጫኑ። ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ዊኪፔዲያን ያለ ኔትወርክ የሚያስነብበውን ኪዊክስ ጫኑ። በፍላሽ ለሌላ ትምህርት ቤት ስትሰጡት ሕግ አልጣሳችሁም፤ ይህን ለአስተማሪዎቹ ንገሯቸው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ልጆቹ ጋ ሳትሄዱ ሁለት አስተማሪ አሠልጥኑ። ማሽኑ ሲበላሽ፣ እርዳታ ሰጪው ሲሄድ፣ የሚቀረው አስተማሪው ነው።

የፕላዝማ ልጆች የት ናችሁ? እናንተስ ምን ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አስተማሪ ጓደኛ ያላችሁ ሼር አድርጉለት።